ለወታደር ቤተሰብ ስናዋጣ፦ ገንዘቡ ከድንኳኑ በኋላም እንዲቆይ

ጅማ ላይ የወታደር መርዶ ሲመጣ ሰው እጁን አይሰበስብም። ሄርማታም ይሁን ቆጪ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይመጣል። እድሩ ድንኳን ይተክላል። ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ቡና ያፈላል። ወጣቶቹ በቴሌብር ያሰባስባሉ። ቆስሎ የተመለሰ ልጅ ሲኖርም እንደዚያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያ ቤት ሰው አይለየውም።

ከባዱ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሚስት የጡረታ ወረቀት ለማስጨረስ ትመላለሳለች። ሰው ሠራሽ እግር ይሰበራል። መስከረም ይጠባና ደብተርና ዩኒፎርም ያስፈልጋል። ያኔ መዋጮው አልቋል፤ አዋጪውም ወደ ኑሮው ተመልሷል። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። መሰብሰቡን እንችልበታለን። በደንብ ያላሰብንበት ነገር የተሰበሰበው ገንዘብ መቼ፣ ለማንና ለምን እንደሚወጣ ነው። ይህን ለማሰብ ደግሞ ጉዳዩ እንዴት እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል።

መንግሥት የሚከፍለውና የማይደርስበት

ስለዚህ ነገር ሲወራ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ «መንግሥት ሁሉንም ይሸፍናል» ይላል። ሌላው «ምንም አይሰጧቸውም» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም።

ወታደር እንደ ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ መብት አለው። ከደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጣል። መንግሥት ለሲቪል ሠራተኛ 11 በመቶ ሲያዋጣ ለወታደርና ለፖሊስ ግን 25 በመቶ ያዋጣል። ሥራው ከባድ እንደሆነና ጉዳትና ሞት እንደሚበዛበት ታስቦ ነው።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ገንዘቡ ለተተኪዎች እንዴት እንደሚከፋፈል በግልጽ አስቀምጦ ነበር፦ ሟቹ ያገኝ ከነበረው ወይም ሊያገኝ ይችል ከነበረው አበል ሚስት 50 በመቶ ታገኛለች። እያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ያገኛል። ሁለቱም ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ ከሆነ 30 በመቶ ይሆናል። በሟቹ ይጦሩ የነበሩ እናትና አባት ደግሞ እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ይደርሳቸዋል። ድምሩ ከ100 በመቶ ከበለጠ የሁሉም ድርሻ ይቀነሳል። በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት መሥራት ለማይችል ሰው አበሉ የደመወዙ 47 በመቶ ነው። ይህ አዋጅ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ስለተተካ፣ ለአንድ ቤተሰብ ስሌት ስትሠሩ የወቅቱን ድንጋጌ ከማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት ጠይቃችሁ ሥሩ።

በ714ቱ አዋጅ ስሌት በቁጥር እንየው። ደመወዙ 6,000 ብር የነበረ ወታደር በሥራ ላይ ሞተ እንበል። 47 በመቶው 2,820 ብር ነው። የሚስት ድርሻ 1,410 ብር፣ የእያንዳንዱ ልጅ 564 ብር ይሆናል። ሁለት ልጆች ካሏት በወር 2,538 ብር ይዛ ትኖራለች ማለት ነው። የሟች እናትም በልጇ ትጦር ከነበረ የሁሉም ድርሻ በመጠኑ ይቀንሳል። የቤት ኪራይ፣ ዘይትና ጤፍ የሚገዛ ሰው ይህ ገንዘብ የት እንደሚያደርስ ያውቀዋል።

እኔን ከመጠኑ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ክፍተቱ ነው። ብዙ ወታደር ግንባር ሲሄድ ደመወዙን ሚስቱ ወይም ወንድሙ እንዲያወጣለት ውክልና ይሰጣል። በሕግ ውክልና ሰጪው ሲሞት ያበቃል። ስለዚህ ቤቱ የሚተዳደርበት ደመወዝ መርዶው በመጣበት ወር ሊቆም ይችላል። ጡረታው ደግሞ ማስረጃ ተሟልቶ፣ ፋይል ተከፍቶ፣ ውሳኔ ተሰጥቶ ነው የሚጀምረው። በሁለቱ መካከል ወራት ያልፋሉ። በነዚያ ወራት ነው ሰው ላሙን የሚሸጠው፣ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያስቀረው፣ ከአራጣ አበዳሪ የሚበደረው። የሕዝብ መዋጮ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ክፍተቱን የሚያረዝመው ወረቀት ነው። ሚስትነትና ልጅነት በማስረጃ መረጋገጥ አለባቸው። በአገራችን የጋብቻና የልደት ምዝገባ በወሳኝ ኩነት በኩል በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ በኒካህ ወይም በሽማግሌ ተጋብቶ ሳያስመዘግብ የኖረ ባልና ሚስት ብዙ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ምስክር ይዛ ፍርድ ቤት መሄድ አለባት። ከጌራ ወይም ከሊሙ ወደ ጅማ የምትመላለስ ከሆነ ለእርሷም ለምስክሮቿም ትራንስፖርት፣ ምሳ፣ ፎቶ ኮፒ አለ። ቀጠሮ ሲራዘም እንደገና። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። አንድ የእድር ጸሐፊ ወይም ጡረታ የወጣ መምህር አብሯት ቢሄድ፣ ፎርሙን ቢሞላላት፣ ብዙ ሺህ ብር እንደሰጣት ነው የምቆጥረው።

ከሁሉም የከፋው የጠፋ ወታደር ቤተሰብ ነው። ሞቷል አይባል፣ አለ አይባል። ድንኳን አይተከልለትም፤ ስለዚህ መዋጮም አይደረግለትም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንድ ሰው ወሬው ሳይሰማ ሁለት ዓመት ካለፈው፣ ያገባኛል የሚል ሰው መጥፋቱ እንዲታወጅ ፍርድ ቤት ማመልከት እንደሚችል ይላል። እስከዚያ ድረስ ሚስቲቱ እንደ ባለትዳርም እንደ ባሏ የሞተባትም አትታይም። እናት ደግሞ ማመልከቻውን ልጇን እንደ መግደል ስለምታየው አታስነካም። ቀይ መስቀል የጠፉ ሰዎችን የማፈላለግና ቤተሰብ የማገናኘት አገልግሎት አለው። ወደዚያ መምራት አንድ ነገር ነው። የመረዳጃ ገንዘብ ስታቋቁሙ ግን «የሟች ቤተሰብ» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ። «ያለበት ያልታወቀ» የሚለውንም ጨምሩ። በአንድ ቃል ምክንያት የሚቀሩ ቤቶች አሉ።

የቆሰለው ሰው

በሐኪሞች ቦርድ ውሳኔ የተሰናበተ ወታደር ወደ ሰፈር ሲመለስ ቁስሉ የዳነ ይመስላል። ጉዳቱ ግን ዕድሜ ልክ ወጪ አለው። ሰው ሠራሽ እግር አንዴ ተገጥሞ የሚቀር ነገር አይደለም። የተቆረጠው ቦታ በጊዜ ብዛት ይከሳል፣ ቅርጹን ይለውጣል። ያኔ እግሩ ይላላል፣ ያቆስላል። መጠገን፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም መለወጥ አለበት። በጅማ ጭቃና ዝናብ ደግሞ ቶሎ ያረጃል። ጀርባው ላይ ተመትቶ ከወገቡ በታች የማይታዘዝለት ሰው ዊልቸር ብቻ አይበቃውም። የሽንት ቱቦ በየጊዜው ያስፈልገዋል። በመተኛትና በመቀመጥ ብዛት የሚመጣ ቁስል ካልተጠበቀ ሊገድለው ይችላል። ይህን ለመከላከል ጥሩ ፍራሽና የሚያገላብጠው ሰው ይበቃ ነበር። ዊልቸር በሚዲያ ፊት የሚሰጥ ብዙ ነው፤ ፍራሽና የሽንት ቱቦ በየወሩ የሚገዛ ግን አይገኝም።

የማይታየውም አለ። እንቅልፍ የሚነሳ፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚያስደነግጥ፣ ወደ መጠጥ የሚገፋ የአእምሮ ጉዳት። ይህ በሽታ ነው፣ ሕክምናም አለው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ለእንዲህ ያለ ሰው አሥር ሺህ ብር በእጁ ከመስጠት ወደ ሕክምና ቀጠሮው የሚሸኘው ጓደኛ ማግኘቱ ይበልጣል። የመድኃኒቱን ደግሞ ኮሚቴው በቀጥታ ለፋርማሲው ይክፈል።

ከባድ ጉዳት ያለበት ሰው አዲስ አበባ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ይተኛል። ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እናቱ ልትጠይቀው ስትሄድ የት ታድራለች? አሜሪካ ውስጥ ፊሸር ሃውስ የሚባል ድርጅት ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በወታደራዊ ሆስፒታሎች አጠገብ ቤት እየሠራ የታካሚ ቤተሰብ በነፃ ያሳድራል። እኛ ቤት መሥራት ባንችልም አዲስ አበባ የሚኖር የጅማ ልጅ ሞልቷል። ሁለት ሦስት ቤተሰብ አንዳንድ ክፍል ለእንግዳ ቢይዝ ለአልጋ የሚወጣው ገንዘብ ለሌላ ይተርፋል።

ስለዚያ ሆስፒታል አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1934 ዓ.ም. ነቀምቴ ላይ በወጣትነቷ ያረፈችው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ለንደን ውስጥ በነርስነት የሠለጠነች ነበረች። ለመታሰቢያዋ ሆስፒታል እንዲሠራ የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ለዓመታት ገንዘብ አሰባሰበች። ሆስፒታሉ በ1944 ዓ.ም. ተከፈተ። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው እርሱን ነው። ከሰው ኪስ በጥቂት በጥቂቱ የወጣ ገንዘብ፣ በትዕግሥት ተጠብቆ፣ ለስንት ዓመት ቁስለኛ እንደሚያክም ተመልከቱ።

ገንዘብ አሰባሰቡ

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እድርና እቁብን አይመለከትም። ስለዚህ እድራችሁ ከራሱ አባላት አዋጥቶ አባሉን ቢረዳ የማንም ፈቃድ አያስፈልገውም። ከእድሩ ወጥታችሁ ከሕዝብ ልሰብስብ ስትሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። አዋጁ ለዚህ የበጎ አድራጎት ኮሚቴ የሚባል መንገድ አለው። አምስትና ከዚያ በላይ ሰዎች ለአንድ የታወቀ ዓላማ ከሕዝብ ገንዘብ ለመሰብሰብ የሚያቋቁሙት ነው፤ ፈቃድ ይወስዳል። ቋሚ ድርጅት ለማቋቋም የምታስቡ ከሆነ ደግሞ አስተዳደራዊ ወጪያችሁ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ሕጉ ያዛል። ቶምቦላ ለማውጣት ሎተሪን የሚቆጣጠረውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቁ። ብዙ ቅን ሰው ይህን ሳያውቅ ትኬት አሳትሞ ችግር ውስጥ ገብቷል።

ወደ ፈቃድ መሄድ ለብዙዎች ድካም ይመስላል። እኔ ግን ሰብሳቢውን የሚጠብቀው እርሱ ነው እላለሁ። በሐዘን ገንዘብ መታማት ከባድ ነው። በግል ስም በተከፈተ ሒሳብ የተሰበሰበ ገንዘብ አንድ ብር ሳይጎድል ቢደርስ እንኳ ሐሜቱ አይቀርም። ሒሳቡ በኮሚቴው ስም፣ በሦስት ሰው ፊርማ ይሁን። ደረሰኙ ቁጥር ይኑረው። ገቢና ወጪው በየወሩ እድሩ ቤት ይለጠፍ። በስልክ ላይ የቁስለኛ ፎቶ አይታችሁ ወደ ግለሰብ ሒሳብ ከመላካችሁ በፊትም የቤተሰቡን እድር ጠይቁ። እድሩ የማያውቀው የሰፈር ሐዘን የለም።

ሌላው አገርም ከዚህ ችግር አላመለጠም። አሜሪካ ውስጥ በቁስለኛ ወታደሮች ስም ብዙ ገንዘብ የሚሰበስበው ዉንድድ ዋሪየር ፕሮጀክት በ2016 እ.ኤ.አ. ወጪው በዝቷል የሚል ዘገባ ወጥቶበት ሁለት የበላይ ኃላፊዎቹን አሰናብቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአገሪቱ የንግድ ኮሚሽን ከክፍላተ ግዛቶች ጋር ሆኖ በወታደር ስም በሚያጭበረብሩ ሰብሳቢዎች ላይ ከ100 በላይ እርምጃዎችን ይፋ አድርጓል። የወታደር ስም የሰውን ልብ ቶሎ ይከፍታል። አጭበርባሪም ይህን ያውቃል።

በአዳራሽ ገቢ ማሰባሰቢያ ላይ ሰው ስሜቱ ተነክቶ ቃል ይገባል። በግ ለጨረታ ይወጣል፣ ዋጋው ይወጣል ይወጣል። ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ከተገባው ቃል ምን ያህሉ ባንክ ገባ? መድረክ ላይ «ይህን ያህል ተሰበሰበ» ብላችሁ አትናገሩ። ባንክ የገባውን ብቻ ተናገሩ፤ ቤተሰቡ የሚጠብቀው የሰማውን ቁጥር ነው።

የእኔ ምርጫ ትንሽና የማይቋረጥ መዋጮ ነው። 200 አባል ያለው እድር በሰው 50 ብር በወር ቢጨምር በወር 10,000፣ በዓመት 120,000 ብር ነው። ቁጥሩ ለአዳራሽ አያምርም። ግን ሁልጊዜ አለ። በአንድ ቀን የተሰበሰበ ትልቅ ገንዘብ ባንክ ሲቀመጥ ዋጋው ይበላል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በየወሩ የሚዋጣ ገንዘብ ግን ከኑሮው ጋር አብሮ ሊጨመር ይችላል።

ደም ልገሳም ላይ ይኸው ነው። በጦርነት ወሬ ሰሞን ሁሉም ባንድ ቀን ይሰለፋል። የተለገሰ ደም ግን በተለመደው አያያዝ 35 ቀን ገደማ ነው የሚቆየው፤ ፕሌትሌት የሚባለው ክፍሉ አምስት ቀን ብቻ። አንድ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። ሰፈሩ ተራ ቢይዝ ዓመቱን ሙሉ ደም አይጠፋም።

ማን ይቀበል?

እዚህ ላይ ብዙ ቤት ይፈርሳል። «ለቤተሰቡ» ተብሎ በአንድ ፖስታ የተሰጠ ገንዘብ እናትንና ሚስትን ያጣላል። እናት «ልጄ ነው» ትላለች። ሚስት «ልጆቹን የማሳድገው እኔ ነኝ» ትላለች። ሁለቱም እውነት አላቸው። የጡረታ ሕጉ ድርሻቸውን ስለለየ እዚያ ክርክሩ ይቀላል። መዋጮ ግን ሕግ የለውም። ኮሚቴው ገንዘቡ ከመሰብሰቡ በፊት ድርሻውን ይወስን፣ ለሁለቱም ወገን ሽማግሌ ይንገር። የልጆቹ ድርሻ በትምህርት ቤት ክፍያና በልብስ መልክ ይውጣ።

ጅማ ላይ ሃይማኖቱንም ማወቅ ግድ ነው። ሙስሊም ሴት ባሏ ሲሞት አራት ወር ከአሥር ቀን ኢዳ፣ ማለትም የሐዘን መቆያ ጊዜ፣ ትቀመጣለች። በዚያ ጊዜ መድረክ ላይ ጠርቶ ፖስታ መስጠት ነውር ነው። ቢሮ የሚያስኬድ ጉዳይ እንኳ ካለባት የቅርብ ዘመድ ያግዛት። ዘካ የሚሰጥ ነጋዴም ይኖራል፤ ከሀብቱ 2.5 በመቶ። ዘካ ለማን እንደሚሰጥ ሃይማኖቱ ወስኖታል። ወታደር ስለሞተባት ብቻ ሳይሆን ድሀ በመሆኗ ነው የሚገባት። ስለዚህ የዘካ ገንዘብ ከሌላው መዋጮ ጋር አይቀላቀል። በሌላ ደብተር ይያዝ።

ካሜራውንም እንተወው። ዱቄት ስትቀበል ፎቶ የተነሳች ሴት ልጆች ነገ ያንን ፎቶ ያዩታል። እድር ሐዘንተኛን ፎቶ አያነሳም። የእድሩ ዳኛ ገብቶ «አይዞሽ እህቴ፣ እኛ አለንልሽ» ይልና ይወጣል። ለለጋሹ ማስረጃ ካስፈለገ ደረሰኝና ቃለ ጉባኤ ይበቃል።

መሥራት ለሚችል ቁስለኛ ደግሞ ሥራ ይሻለዋል። እንግሊዞች በየዓመቱ በኅዳር ደረታቸው ላይ የሚያደርጉትን ቀይ የፖፒ አበባ የሚሠራው ፋብሪካ በ1922 እ.ኤ.አ. ሲከፈት የተቀጠሩት በአንደኛው የዓለም ጦርነት አካላቸው የጎደለ ወታደሮች ነበሩ። ገንዘብ የሚሰበሰብበትን ዕቃ ራሳቸው ሠሩት፣ ደመወዝም በሉበት። ጅማ በእንጨት ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። በርጩማ ለመሥራት፣ ቡና ለመልቀም፣ ማር ለማሸግ ሁለት እግር ግድ አይደለም። የመሥሪያ ቦታ፣ መነሻ ገንዘብና ዕቃውን የሚገዛ ሰው ግን ግድ ነው። ለገቢ ማሰባሰቢያው ባዛር ዕቃ ከነጋዴ ከምትገዙ ከእነርሱ እዘዙ።

በሞቱ ወታደሮች ልጆች ላይ አገራችን ትልቅ ሥራ ሠርታ ነበር። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ደርግ በስምጥ ሸለቆ አላጌ ላይ የሕፃናት አምባ አቋቁሞ ብዙ ልጆችን አሳደገ። ሌሎች ደግሞ ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት ድረስ ተልከው ተማሩ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን አምባው እንደ ልጆች ቤት አልቀጠለም። ዛሬ ግቢው የግብርና ኮሌጅ ነው። ልጆቹ ያኔ ትልልቆችም ትንንሾችም ነበሩ። የሚያሳድጋቸው ሥርዓት ከአንድ መንግሥት ጋር ስለታሰረ አብሮ ወደቀ።

የሰፈር ኮሚቴም በራሱ መጠን ይኸው ሊደርስበት ይችላል። ሰብሳቢው ይዛወራል፣ ገንዘብ ያዡ ይታመማል፣ ወጣቶቹ ሥራ ፍለጋ ይሄዳሉ። ስለዚህ በመጀመሪያው ቃለ ጉባኤ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ እያንዳንዱ ቤተሰብ እስከ መቼ እንደሚረዳ፣ ከኮሚቴው ሰው ሲወጣ ማን እንደሚተካ፣ ኮሚቴው ቢፈርስ ቀሪው ገንዘብና የቤተሰቦቹ ዝርዝር ለየትኛው እድር እንደሚተላለፍ። አንዱ ቅጂ ለእድሩ ጸሐፊ፣ ሌላው ለከተማው ማኅበራዊ ጉዳይ ይሰጥ።